የአንደሉስ ሙስሊሞች በስፓኒሽ ቋንቋ ውስጥ የተዋቸው የከብትና የሥጋ ስሞች

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ለዛሬ ያዘጋጀንላችሁ ዝግጅት የታሪክ ቢሆንም የሚነሳው ከየቤታችን ማዕድ ነው፤ ወሬው ስለ በሬና ስለ በግ፣ ስለ በቅሎና ስለ ሥጋ ነውና ልጆቻችሁንም ሰብስባችሁ አብራችሁ እንድትከታተሉን እንጠይቃለን።

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ ሰው ጎሐ ጽዮንን አልፎ ወደ አባይ በረሃ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ጠመዝማዛውን ዳገት ሲጨርስ ደጀን ከተማ ትቀበለዋለች። የራበው መንገደኛ በደጀንም ይሁን በሌሎች የአገራችን ከተሞች ሥጋ ለመብላት ሲያስብ ከዋጋው በፊት የሚያየው ነገር አለ፤ እሱም በበሩ ላይ ያለው ምልክት ነው። ሙስሊሙ የጨረቃ ምልክት ወይም «የሙስሊም ምግብ ቤት» የሚል ጽሑፍ ይፈልጋል። ክርስቲያኑም መስቀል ወዳለበት ሥጋ ቤት ይሄዳል። «ማን አረደው? በማን ስም ታረደ?» የሚለው ጥያቄ ለእኛ አገር ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ነው።

ነገር ግን ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። ከ500 ዓመት በፊት ዛሬ ስፔን በምትባለው አገር ሰዎች በዚሁ ጥያቄ ምክንያት ፍርድ ቤት ቆመዋል፣ ንብረታቸውን ተነጥቀዋል፣ በመጨረሻም ከተወለዱበት ምድር ተባረዋል። እነሱ ሄዱ፤ የእረኛው ስም፣ የበቅሎው ስም፣ የድልዳሉ ስም፣ የዘይቱ ስም ግን ባባረሯቸው ሰዎች አንደበት ላይ ቀረ። ስፓኒሽ ቋንቋ የሚማር ሙስሊም የከብትና የሥጋ ስሞችን ሲያጠና ይህን ታሪክ ሳያውቀው አብሮ እያጠና ነው። የዛሬው ዝግጅታችን ታሪኩን አውቆ እንዲያጠና ለማገዝ ነው። (የስፔንን ታሪክ የሚመለከቱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስፓኒሽ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?

አንዳንድ አድማጮቻችን «ስፓኒሽ ሩቅ ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ስፓኒሽ ግን ለኢትዮጵያውያን ያን ያህል እንግዳ አይደለም። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በምሥራቅ በኩል ከገባ በኋላ የኩባ ወታደሮች ከኢትዮጵያ ጎን ተሰልፈው ተዋግተዋል። አዲስ አበባ በሚገኘው የትግላችን ሐውልት ላይ በዚያ ጦርነት የወደቁ ኩባውያን ምስል ይታያል። ጦርነቱን ተከትሎ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች፣ ብዙዎቹም ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ያጡ፣ ለትምህርት ወደ ኩባ ተላኩ። የሰፈሩት በ1978 እ.ኤ.አ. «የወጣቶች ደሴት» የሚል አዲስ ስም በተሰጠው ደሴት ላይ ነበር። ግማሹን ቀን ይማራሉ፣ ግማሹን ቀን በብርቱካንና በመሰል ፍራፍሬዎች እርሻ ላይ ይሠራሉ። የኢትዮጵያን ቋንቋና ታሪክ የሚያስተምሯቸው መምህራን ከአገር ቤት አብረዋቸው ሄደዋል፤ የቀረውን ትምህርት ግን የተማሩት በስፓኒሽ ነው።

እነዚህ ልጆች ከሙስሊምም ከክርስቲያንም ቤት የወጡ ነበሩ። በሁለቱም ቤት ደግሞ አሳማ አይበላም። በኩባ ግን ከሥጋ ሁሉ የሚወደደው የአሳማ ሥጋ ነው። እንግዲህ ለአንድ ኢትዮጵያዊ ልጅ በዚያ አገር የከብትና የሥጋ ስም ማወቅ የፈተና ጥያቄ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ሳህኑ ላይ ያለው ምን እንደሆነ ለመጠየቅ ቃሉን ማወቅ ነበረበት። ዛሬም ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ለንግድ ወደ ስፔንና ወደ ላቲን አሜሪካ የሚሄድ ወገናችን የሚገጥመው ይኸው ነው።

መጀመሪያ የሚጠኑት ስሞች

ስፓኒሽ ለአማርኛ ተናጋሪ በአንድ ነገር ይቀላል። እኛ «የበግ ሥጋ፣ የፍየል ሥጋ» እንደምንለው እነሱም ሥጋን «ካርኔ» ብለው የእንስሳውን ስም ያስከትላሉ። ላም «ባካ»፣ ኮርማ «ቶሮ»፣ የሚያርሰው በሬ «ቡዌይ»፣ ጥጃ «ቴርኔሮ» ይባላል። ሴቷ በግ «ኦቤኻ»፣ አውራው በግ «ካርኔሮ»፣ ጠቦት «ኮርዴሮ» ነው። ፍየል «ካብራ» ስትሆን ኩባውያን ወንዱን «ቺቦ» ይሉታል። ዶሮ «ጋዪና»፣ አውራ ዶሮ «ጋዮ»፣ ለምግብ የሚቀርበው «ፖዮ» ነው። ፈረስ «ካባዮ»፣ አህያ «ቡሮ»፣ በቅሎ «ሙላ» ይባላሉ። ከብት በጠቅላላው «ጋናዶ» ነው፤ ቃሉ «ማግኘት፣ ማፍራት» ከሚለው ግሥ የወጣ በመሆኑ «ያፈሩት ሀብት» እንደማለት ነው። በእኛም ገበሬ ዘንድ ባለከብት ማለት ባለሀብት ማለት ስለሆነ ይህ አይከብደንም። ዐረቦችም «ማል» የሚለውን ቃል ለገንዘብም ለእንስሳም ሲጠቀሙበት ኖረዋል።

እስካሁን የጠቀስናቸው ስሞች አብዛኞቹ ከጥንቱ የሮማውያን ቋንቋ ከላቲን የወረዱ ናቸው። ከእንስሳው አልፈን ወደ እረኛው፣ ወደ ጫኙ፣ ወደ አካሚውና ወደ መኖው ስንሄድ ግን ዐረብኛ ብቅ ብቅ ማለት ይጀምራል።

ከእረኛው እስከ መኖው

ጣሪቅ ኢብን ዚያድ ባሕሩን ተሻግሮ ወደዚያች ምድር የገባው በ711 ነው። የወረደበት ተራራ «ጀበል ጣሪቅ» ተባለ፤ ዛሬ ጂብራልታር የምንለው ይኸው ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ 1492 ድረስ በተለያየ ስፋት የሙስሊሞች አስተዳደር በአንደሉስ ቆይቷል። ወደ 800 ዓመት ገደማ ማለት ነው። በዚህ ረጅም ዘመን ከዐረብኛ ወደ ስፓኒሽ የገቡት ቃላት ከነርቢዎቻቸው ወደ 4,000 ይደርሳሉ ተብሎ ይገመታል።

የበግ እረኞች አለቃ በስፓኒሽ «ራባዳን» ይባላል። ቃሉ «ረብ አድ-ዷን» ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ሲሆን «የበጎች ጌታ» ማለት ነው። በእሱ ሥር የሚያገለግለው ወጣት እረኛ «ሳጋል» ነው፤ በአንደሉስ ዐረብኛ ጎበዝ ወጣት ማለት ነው። የካስቲያ ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ በ1273 «ሜስታ» የተባለውን ታላቅ የበግ አርቢዎች ማኅበር በአዋጅ ባጸደቀ ጊዜ፣ የክርስቲያን ንጉሥ በጎች በዐረብኛ ማዕረግ በሚጠራ እረኛ ይጠበቁ ነበር ማለት ነው።

የጭነት በቅሎ «አሴሚላ» ይባላል፤ ዐረብኛው «አዝ-ዛሚላ» ነው። በጀርባዋ ላይ የሚጣለው ድልዳል «አልባርዳ»፣ ከዐረብኛው «አል-በርደዓ»። በግራና በቀኝ የሚንጠለጠለው ከረጢት «አልፎርኻ»፣ ከ«አል-ኹርጅ»። ተከታትለው የሚሄዱት የጭነት ከብቶች «ሬኩዋ»፣ መጋለብንና መጫንን ከሚያመለክተው «ረኪበ» ከሚለው ሥር። የፈረስ ጋላቢ «ኺኔቴ»፣ በፈረስ ግልቢያቸው ስመ ጥር ከነበሩት ከሰሜን አፍሪካ የ«ዘናታ» ጎሣዎች ስም። በነገራችን ላይ የእኛው አማርኛም ለዚህ ቤተሰብ ባዳ አይደለም፤ «ፈረስ» በዐረብኛም ፈረስ ነው፣ «ግመል» ጀመል ነው፣ «ልጓም» ሊጃም ነው።

የጭነት ከብት ስሞች ከዐረብኛ እንዲህ የበዙት ያለምክንያት አይደለም። በስፔን የቀሩት ሙስሊሞች ብዙዎቹ የሚተዳደሩት በአትክልት ሥራ፣ በእጅ ጥበብና በበቅሎ ነጂነት ነበር። ከከተማ ወደ ከተማ ዕቃ የሚያመላልሱት እነሱ ነበሩ። የጎጃምን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይሆንበትም። በእኛም ደጋ ሙስሊሙ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ በአብዛኛው የርስት ባለቤት እንዳይሆን የተከለከለ ስለነበር ሕይወቱን የመሠረተው በንግድና በሽመና ላይ ነው። የጀበርቲ ሲራራ ነጋዴዎች በቅሎና አህያቸውን ጭነው አባይን እየተሻገሩ የጎጃምን ገበያዎች ከደቡብና ከምዕራብ አገሮች ጋር ሲያገናኙ ኖረዋል። መሬት ያጣ ሰው መንገድን ርስቱ ያደርጋል፤ የመንገዱንም ቋንቋ እሱ ይሠራዋል። በስፔንም የሆነው ይኸው ነው።

የከብት ሐኪም በድሮው ስፓኒሽ «አልቤይታር» ነው፤ ዐረብኛው «አል-በይጧር»። በማላጋ ተወልዶ በ1248 ደማስቆ ላይ ያረፈው ታላቁ የዕፀዋትና የመድኃኒት ሊቅ ኢብኑል በይጧር ስሙ «የከብት ሐኪሙ ልጅ» ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የመኖው ነገር ነው። በደጀንም ሆነ በሌሎች የጎጃም ወረዳዎች ላሞቹን ለማደለብ ወይም ወተት ለማብዛት የሚፈልግ ገበሬ የግብርና ባለሙያው «አልፋልፋ ዝራ» ሲለው ሰምቷል። ይህ «አልፋልፋ» የሚለው ቃል ከፋርስ ተነስቶ ወደ ዐረብኛ ገብቶ «አል-ፊስፊሳ» ተባለ፣ ከዐረብኛ ወደ ስፓኒሽ ተሻገረ፣ ስፔናውያን ይዘውት አሜሪካ ወረዱ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ እኛ ዘንድ ደረሰ። ሱብሓነላህ! የጎጃም ገበሬ ለላሙ መኖ ሲያጭድ የአንደሉስን ገበሬ ቃል በአፉ ይዟል።

«አል» በሚል የሚጀምር ቃል ሁሉ ግን ዐረብኛ አይደለም። ሰርቫንቴስ በ1615 ባሳተመው የዶን ኪኾቴ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ባላባቱ ለአሽከሩ ይህንኑ ደንብ ሲያስተምረው «አልሞርሳር» (ምሳ መብላት) የሚለውንም ከዐረብኛ ቆጥሮታል፤ እሱ ግን የላቲን ቃል ነው። ተማሪ ልጆቻችን ደንቡን ይያዙ፣ ነገር ግን ያጣሩ።

«ሥጋ ቤቶቹ ይለዩ»

አሁን ወደ ሥጋው እንምጣ። የመጨረሻዋ የአንደሉስ ሙስሊም ግዛት ግራናዳ ለንጉሥ ፈርናንዶና ለንግሥት ኢሳቤል የተሰጠችው ጥር 2 ቀን 1492 ነው። ከዚያ በፊት በኅዳር 1491 ስምምነት ተፈርሞ ነበር። በስምምነቱ መሠረት ሙስሊሞች በሃይማኖታቸው፣ በመስጊዶቻቸውና በሸሪዓ ዳኞቻቸው እንዲኖሩ ቃል ተገባላቸው። ከአንቀጾቹ አንዱ ስለ ሥጋ ቤት ነው፤ የክርስቲያኖች ሥጋ ቤት ከሙስሊሞች ሥጋ ቤት እንዲለይ፣ የአንዱ ምግብ ከሌላው ጋር እንዳይደባለቅ፣ ይህን ያደረገም እንዲቀጣ ይደነግጋል።

ውድ አድማጮቻችን፣ ይህ አንቀጽ ለእኛ ምን ያህል የሚገባን ነው! በደጀንና በሌሎች ከተሞቻችን ማንም ሳይፈርምበት በልማድ የኖረው ነገር በግራናዳ በነገሥታት ማኅተም ጸድቆ ነበር።

ይሁን እንጂ ቃሉ አሥር ዓመት እንኳን አልቆየም። ካርዲናል ሲስኔሮስ በ1499 መጨረሻ በግራናዳ ሰዎችን በብዛት ማጥመቅ ጀመረ። ሕዝቡ ቢያምፅ አመፁ እንደ ሰበብ ተቆጠረና ስምምነቱ ፈርሷል ተባለ። በ1502 የካስቲያ ሙስሊሞች ወይ እንዲጠመቁ ወይ እንዲወጡ ታዘዙ። በቫሌንሲያና በአራጎንም ከ1525 እስከ 1526 ተመሳሳይ ትእዛዝ ወጣ። እነዚህ በግድ የተጠመቁ ሙስሊሞች «ሞሪስኮ» ተባሉ።

ከዚያ በኋላ ወጥ ቤት ሁሉ የምርመራ ቦታ ሆነ። በ1511 የወጡ ትእዛዞች ሞሪስኮዎች በራሳቸው ሥርዓት እንዳያርዱ ከለከሉ፤ የሚያርዱት የነባር ክርስቲያን ሰው ባለበት እንዲሆን ተወሰነ። ኢንኲዚሲዮን የተባለው የቤተ ክርስቲያን ችሎት ሰዎች ጎረቤቶቻቸውን እንዲጠቁሙ በየጊዜው በሚያነበው ዝርዝር ውስጥ የአሳማ ሥጋ አለመብላት፣ ወይን አለመጠጣት፣ ፊትን ወደ ቂብላ አዙሮ ማረድ ይገኙበታል። በአሳማ ስብ ፈንታ በዘይት መጥበስ እንኳን ጥርጣሬ ያስነሳ ነበር። ለዘይት ስፔናውያን ዛሬም የሚጠቀሙበት ቃል «አሴይቴ» ነው፤ ዐረብኛው «አዝ-ዘይት»፣ የእኛው «ዘይት» ማለት ነው። ሰውየው በዘይት ጠበሰ ተብሎ ይከሰሳል፤ ከሳሹ ግን የክሱን ቃል የሚናገረው በተከሳሹ አባቶች ቋንቋ ነው።

ለእነዚህ ወገኖች በ1504 ከሰሜን አፍሪካ አንድ የሃይማኖት ሊቅ፣ አሕመድ ኢብን አቢ ጁምዓ፣ ዝነኛ ፈትዋ ጽፎላቸዋል። በአሳማ ሥጋ ከተገደዱ በልባቸው እየጠሉና ሐራምነቱን እያመኑ እንዲበሉ፣ በግልጽ መስገድ ካልቻሉ በምልክትም ቢሆን እንዲሰግዱ መከራቸው። ቁርኣን በሱረቱል ማኢዳ የተከለከሉትን ምግቦች ከዘረዘረ በኋላ ለተገደደ ሰው መውጫ ማስቀመጡን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

የአሳማ ስም ራሱ የዚህ ታሪክ ምስክር ነው። ስፓኒሽ ለአሳማ ብዙ ስም አለው፤ ከነዚህ አንዱ «ማራኖ» ነው። ይህ ቃል «የተከለከለ» ከሚለው ከዐረብኛው የ«ሐራም» ሥር የወጣ ነው። ሙስሊሙ «ይህ ሐራም ነው» ብሎ የገፋው እንስሳ በዚያው ቃል ተጠራ። ቆይቶም በግድ የተጠመቁት አይሁዶች በዚሁ ቃል ተሰደቡ። የበረሃው አሳማ፣ እኛ ከርከሮ የምንለው ዓይነት፣ «ኻባሊ» ይባላል፤ «ጀበሊይ» ማለትም «የተራራ» ከሚለው የመጣ ነው። ጣሪቅ ባረፈበት ተራራ ስም ውስጥ ያለው «ጀበል» እዚህም አለ። «አልቦንዲጋ» የሚባለው ክብ የተፈጨ ሥጋም «አል-ቡንዱቃ» ከሚለው ዐረብኛ የተወሰደ ነው። ሥራው ከሙስሊም ወጥ ቤት ወጥቶ የመላው ስፔን ምግብ ሆኗል።

ቋንቋ ሃይማኖት ነው?

ከዚህ ታሪክ አንድ አስፈላጊ ጥያቄ ይነሳል። ስፓኒሽ የአሳዳጆች ቋንቋ ነበር ማለት ነው? ሙስሊም ሊሸሸው ይገባል? የአንደሉስ ሙስሊሞች ራሳቸው የሰጡት መልስ ሌላ ነው።

በካስቲያ ከክርስቲያኖች መካከል የኖሩት ሙስሊሞች ከጊዜ ብዛት ዐረብኛ ጠፍቷቸው ነበር። የሴጎቪያው ሙፍቲ ዒሳ ኢብን ጃቢር ይህን አይቶ በ1462 የእስልምናን ዋና ዋና ድንጋጌዎች የያዘ መጽሐፍ በስፓኒሽ ጻፈላቸው። ሰላቱም፣ ጾሙም፣ የሚበላውና የማይበላውም በሚገባቸው ቋንቋ ተነገራቸው። ሌሎችም ስፓኒሹን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ ዲናቸውን ለልጆቻቸው አስተላለፉ። እንደ ሐላልና ሐራም ያሉትን ቃላት ግን ሳይተረጉሙ እንዳሉ ያስቀምጧቸው ነበር። ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹ በ1884 አልሞናሲድ ዴ ላ ሲየራ በተባለ ከተማ አንድ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ተደብቀው ከነበሩበት ተገኙ። ከ270 ዓመት በላይ ማለት ነው!

ይህ ዘዴ በእኛም አገር የታወቀ ነው። የወሎ ሸኾች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል ጽፈው ሕዝቡን አስተምረዋል፤ በዚህ የሚታወቁት ሸኽ ጦልሓ ኢብን ጀዕፈር ናቸው። ወሎም ቢሆን በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሙስሊሞች በግድ ማተብ እንዲያስሩ የተደረጉበት ምድር ነው። «ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም» የሚለው አባባል የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። ሞሪስኮ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለወሎ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሌላም ምሳሌ አለ። ግራናዳ ሲያዝ የመጀመሪያው ሊቀ ጳጳስ የነበረው ኤርናንዶ ዴ ታላቬራ ካህናቱ ዐረብኛ እንዲማሩ ይፈልግ ነበር። ለዚህ ሲባል ፔድሮ ዴ አልካላ የተባለ መነኩሴ ያዘጋጀው የስፓኒሽና የዐረብኛ መዝገበ ቃላት በ1505 በግራናዳ ታተመ። ዓላማው ሙስሊሙን ማስለወጥ ቢሆንም ቋንቋውን ግን አልናቀውም። ይህ መንፈስ ግን አልዘለቀም። ንጉሥ ፊሊፔ 2ኛ በ1567 ባወጣው አዋጅ ሞሪስኮዎች በሦስት ዓመት ውስጥ ዐረብኛን ጨርሰው እንዲተዉ፣ ልብሳቸውንም እንዲቀይሩ ታዘዘ።

ያን ጊዜ ፍራንሲስኮ ኑኝየስ ሙሌይ የተባለ ሸምገል ያለ የግራናዳ ሞሪስኮ ለባለሥልጣኑ አቤቱታ አቀረበ። ልብስና ቋንቋ የአገር ልማድ እንጂ ሃይማኖት አይደለም ሲል ተከራከረ። በኢየሩሳሌም፣ በግብፅና በማልታ ያሉ ክርስቲያኖች ዐረብኛ እየተናገሩ ክርስቲያን አይደሉምን? ሽማግሌ ሰው የእናቱን ቋንቋ በሦስት ዓመት እንዴት ይረሳል? አቤቱታው ሰሚ አላገኘም። በ1568 መጨረሻ አመፅ ተነሳ፣ በ1571 ተደመሰሰ፣ የግራናዳ ሞሪስኮዎችም በመላው ካስቲያ ተበተኑ። ከ1609 እስከ 1614 ባለው ጊዜ ደግሞ 300,000 የሚሆኑ ሞሪስኮዎች ከስፔን ተባረሩ።

በቱኒዝ ካረፉት መካከል ዲናቸውን በነፃነት መግለጽ ሲችሉም በስፓኒሽ መጻፍ የቀጠሉ አሉ። የሚያውቁት ቋንቋ እሱ ነበርና። መባረሩ ገና ሳያበቃ፣ በ1611፣ ሴባስቲያን ዴ ኮቫሩቢያስ ታላቁን የስፓኒሽ መዝገበ ቃላት ማድሪድ ላይ አሳተመ። በመዝገቡ ውስጥ የብዙ ቃላትን ምንጭ ሲያስረዳ «ከዐረብኛ ነው» እያለ ጽፏል። ሰዎቹን የያዙ መርከቦች ወደብ ላይ ሳሉ ቃላቸው በመጽሐፍ እየተመዘገበ ነበር።

ለእኛስ ምን ይጠቅመናል?

አንደኛ፣ ቋንቋ መማር ሃይማኖትን አያሳጣም። አላህ በሱረቱ ሩም የቋንቋዎችን መለያየት ከታምራቱ ቆጥሮታል። ዲን የሚጠፋው ሌላ ቋንቋ ስለተጨመረ ሳይሆን ሐላልና ሐራምን የሚያስተምር ቤት ሲጠፋ ነው። ዒሳ ኢብን ጃቢር በስፓኒሽ ዲን ካስተማረ እኛ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በእንግሊዝኛም ማስተማር አያቅተንም።

ሁለተኛ፣ ወደ ስፓኒሽ ተናጋሪ አገር የሚሄድ ልጅ ወይም ዘመድ ያላችሁ ቤተሰቦች እነዚህን ቃላት አስይዙት። የአሳማ ስሞች «ሴርዶ፣ ፑዌርኮ፣ ኮቺኖ፣ ሌቾን» ሲሆኑ በአንዳንድ የላቲን አሜሪካ አገሮች «ቻንቾ» ወይም «ማራኖ» ይባላል። «ኻሞን» የአሳማ ታፋ ነው፤ «ቶሲኖ» ስቡ ነው፤ «ቾሪሶ» አብዛኛውን ጊዜ ከአሳማ የሚሠራ ቋሊማ ነው፤ «ሞርሲያ» ደም ያለበት ቋሊማ ነው። «ማንቴካ» በስፔንና በኩባ የአሳማ ስብ ሲሆን በአርጀንቲና ግን ቅቤ ማለት ነው፤ በስፔን ብስኩትና ጣፋጭ ውስጥ ሳይቀር ይገባልና መጠየቅ ያስፈልጋል። «ካርኔ» ሲባል በብዙ ቦታ የሚታሰበው የከብት ሥጋ ብቻ ስለሆነ «ካርኔ የለውም» የተባለ ምግብ ውስጥ ኻሞን ተከትፎ ሊገኝ ይችላል። በደጀን በበሩ ምልክት ብቻ የሚታወቀው ነገር በዚያ አገር የሚታወቀው በጥያቄ ነው፤ ለመጠየቅ ደግሞ ቃል ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ በየሰፈራችን ያለውን መከባበር እንደ ቀላል ነገር አንየው። በአገራችን ሙስሊምና ክርስቲያን አንዱ የሌላውን እርድ ሳይበላ አብሮ ኖሯል። ክርስቲያኑ ሠርግ ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በሬ ወይም በግ ለብቻ ይለያል፣ ሙስሊም ጠርቶ ያሳርዳል፣ ድስቱንም ይለያል። ሙስሊሙም ለክርስቲያን እንግዶቹ እንዲሁ ያደርጋል። የግራናዳው አንቀጽ በማኅተም ጸድቆ ሳለ የፈረሰው ቃል የሚጠብቅ ሰው ስለጠፋ ነው። የእኛው ልማድ ማኅተም ሳይኖረው የቆየው ጎረቤት ጎረቤቱን ስለጠበቀ ነው። ደጀን በአማርኛ ከኋላ ሆኖ የሚደግፍ መከታ ማለት ነው፤ ጎረቤት ለጎረቤት እንዲያ ሊሆን ይገባል።

በመጨረሻ አንድ ቃል እንጨምርላችሁ። ስፔናዊ፣ ኩባዊ ወይም ሜክሲኳዊ አንድን ነገር ሲመኝ «ኦኻላ!» ይላል፤ «ምነው በሆነ» እንደማለት ነው። አብዛኛው ተናጋሪ ልብ አይለውም እንጂ በቃሉ ውስጥ ያለው «አላህ ቢሻ» የሚለው የአንደሉስ ሙስሊሞች ንግግር ነው። በአዋጅ ዐረብኛ የተከለከለበት ምድር ዛሬም ምኞቱን በአላህ ስም ይናገራል።

አላህ ልጆቻችንን ዕውቀት ከዲን ጋር ያጣመሩ ያድርግልን፤ ሲሳያችንን ሐላል፣ ጉርብትናችንን የሰላም ያድርገው። አሚን። በሌላ ዝግጅት እስክንገናኝ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።